የቤቱን ቁልፍ ትቶ የሄደው ሌባ

ይቺ አግዳሚ አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ጠጋ በይልኝ የኔ እህት፣ አለዚያ እኔ ስነሳ አንቺ ትወድቂያለሽ። … እ፣ እንደሱ። ብርዱ ግን ለጉድ ነው! በዚህ ጫፍ በር፣ በዚያ ጫፍ በር፣ መሐል ላይ እኛ። ሹራብሽን ይዘሽ መምጣትሽ ደግ አደረግሽ፤ እዚህ ፍርድ ቤት እጅ ሥራ ካልያዘ ቀኑ አይመሽም። ቀለሙስ እንዴት ያምራል! ለልጅሽ ነው? … እሰይ፣ ይሙቃት።

በምን መጣሽ? በግድግዳ? ከጎረቤት ጋር? … ውይ፣ እሱማ ቀላል ነው። ግድግዳ እኮ መልካም ነገር ነው። ዛሬም ነገም ያቆሙት ቦታ ላይ ታገኚዋለሽ፤ የማን ወገን እንደሆነ ቢጠፋው እንኳ ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም። ዘመድ ሁሉ እንደ ግድግዳ በሆነ አልኩ እኔ … እንዲያው ለወሬ ያህል ነው፣ የተለየ ነገር የለኝም።

ማዶ ጋዜጣ የያዙትን ሰውዬ እንዳታዪ። … አየሽ? አትይ አልኩሽ እኮ! ምንም አይደለም። አላውቃቸውም። እኔን የመሰለች ልብስ ሰፊ እንደዚያ ያለ ክራባት ያሰረ ሰው ከየት ታውቃለች? ኮቱን ግን … ኮቱን ዓይኔ ያወቀው መሰለኝ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው። ትከሻው ጠበብ ተደርጓል፣ የውስጥ ኪሱም ጥልቅ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ ኪስ ሰፍቼ አውቃለሁ፤ ቁልፍ የሚያህል ነገር ቢከቱበት ከውጭ ምንም አይታይም። ጋዜጣውን ደግሞ ከተቀመጡ ጀምሮ አንዴም አልገለጡትም። ረጋ ብሎ የሚያነብ የተማረ ሰው ደስ ይለኛል።

እኔ? እኔ በባሌ ጉዳይ ነው የመጣሁት። እሱ ከጠበቃው ጋር ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ምን አለኝ መሰለሽ? «ወንድሜን እዚያ ስታገኚው አንዲት ቃል እንዳትናገሪው። ልጃችን ትሙት በይ» አለኝ። ልጃችን ትሙት አልኩ። በልጄ ምዬ አላፈርስም፤ ለወንድሙ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ካንቺ ጋር እንዳላወራ ግን ማንም አላስማለኝም። ሁለት ሴቶች ወረፋ እየጠበቁ ቢጫወቱ ምን ክፋት አለው?

መኪና ሰረቀ ተብሎ ነው። … አዎ፣ መኪና! እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንዳንቺ ነው አፌን የከፈትኩት። ባሌ እኮ የጎረቤት ጃንጥላ ተውሶ ቢቆይበት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት የሰው ልጅ ከየበሩ ሰብስቦ ያደርሳል፣ ማታ ከየበሩ ይመልሳል። አንድ ልጅ እንኳ ሰርቆ አያውቅም። አሁን ግን «መኪና የሰረቀ» የሚል ነገር ስሙ ላይ ከተጻፈ፣ አውቶቡስ ይቅርና ጋሪ የሚያስነዳው የለም። ትምህርት ቤቱም ይሄው ነገሩ እስኪለይ ድረስ ቤት አስቀምጦታል። ማታ ማታ ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። እኔ እሱን እያየሁ እፈራለሁ፣ የኔ እህት፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ በጣም እፈራለሁ።

መኪናዋን ብታዪያት ደግሞ ትስቂያለሽ። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበረች። የአባታቸው ናት። አባትየው ሲሞቱ አማቴ ያዘቻት። ባሌና ታላቅ ወንድሙ ያኔ ጎረምሶች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ሳይናገር እያስነሳ ይጠፋል፣ ሲመለስ ድብድብ ነው። አማቴ ነገረኛ ሴት አልነበረችም፣ ብልህ ነበረች። ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር መታች። የመኪናዋ ቁልፍ እዚያ ይሰቀላል። መኪናዋን የፈለገ ማንንም አያስፈቅድም፤ የመኪናዋን ቁልፍ ያወርድና በቦታው የራሱን ክፍል ቁልፍ ይሰቅላል። በቃ። ማን እንደወሰዳት በቁልፉ ይታወቃል፤ የወሰደውም መመለሱ አይቀርም፣ ካልተመለሰ የት ሊገባ ነው? ኋላ ትዳር ሲይዙ በክፍል ቁልፍ ፋንታ የቤት ቁልፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም። አማቴ ስትሞት እንኳ ስለ ሚስማሩ ማንም ቃል አልተናገረም፣ ሚስማሩም ሥራውን እየሠራ ቀጠለ።

እርግጥ አማቴ ስትሞት ሊብሬው በታላቅየው ስም ዞረ። «ለጊዜው ነው» አሉ። ታላቅ ናቸው፣ ማን ምን ይላል? ጊዜው ትንሽ ረዘመ እንጂ ክፋት አስበው አይመስለኝም። የእናታቸውንም ቤት እሳቸው ናቸው የሚኖሩበት፤ ባዶ ቤት ይፈርሳል ብለው ነው የገቡት። ለቤቱ አዝነው ነው። እንዲህ ለዕቃ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ከበስተጀርባ ባለው መንገድ ላይ ተከራይተናል፣ ቅርብ ነን።

እኒህ የምልሽ ታላቅየው ትልቅ ሰው ናቸው። የመምሪያ ኃላፊ ሆነዋል። ሲሾሙ ባሌ እንዴት እንደተደሰተ! ሥራ በሌለው ቀን እየሄደ ቢሮ ያደርሳቸው ጀመር። እሳቸው ታዲያ የሚቀመጡት ከኋላ ነው። … ወገባቸውን ስለሚያማቸው። ፊት ሲቀመጡ የሚያማቸው ወገብ ኋላ ሲቀመጡ ይሻለዋል፤ ሐኪሞቹ እንኳ ገና አልደረሱበትም። የኋላው በር ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም፣ ብልሽት አለበት። ስለዚህ ባሌ ይወርድና ዞሮ ይከፍትላቸዋል፣ ቦርሳቸውንም ያቀብላቸዋል። የቢሮው ሰው በመስኮት ሲያይ ምን ይበል? «ሹፌርዎ ጨዋ ነው» አሏቸው። «አዎ፣ ጨዋ ነው» አሉ። … ምን ዋሹ? ጨዋ አይደለም እንዴ? እኔ አሥር ጊዜ እመሰክራለሁ። ባሌም ሲሰማ ሳቀ፤ «ወንድሜ መቀለድ ይወዳል» ብሎ ለእኔ እንደ ቀልድ ነገረኝ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ተነሥቶ «የመኪናዋ ፍሬን ሰሞኑን ይጮሃል፤ ወንድሜ ሳያስበው አንድ ቀን ጉድ ትሠራዋለች፣ ወስጄ ላሳያት» አለ። ማንም ሳይነሣ ሄደ፣ የቤታችንን ቁልፍ ሰቀለ፣ መኪናዋን ይዞ ጋራዥ ገባ። እዚህ ድረስ ስርቆት ታየሽ? እኔም አልታየኝም። የተማረ ዓይን ይፈልጋል መሰለኝ።

ለካ ታላቅየው ለዋና ሥራ አስኪያጃቸው ቃል ገብተው ኖሯል። የሥራ አስኪያጁ መኪና ተበላሽታ፣ «ምን ችግር አለ፣ ሹፌሬ አለ፣ ስብሰባው ድረስ እናደርስዎታለን» ብለዋል። ለሹፌሩ ግን አልነገሩትም። ረስተው ነው? እንጃ … ሹፌር ይጠራል እንጂ መቼ ይማከራል? ሥራ አስኪያጁ በጊዜ መጥተው ከደጅ ቆሙ። መኪናዋ የለችም። «ሹፌርህስ?» አሉ።

እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? … «ይቅርታ፣ ወንድሜ ይዟት ወጥቶ ነው» ትያለሽ አይደል? አንቺ ስላልተሾምሽ ነው። ወንድም የሚለው ቃል ለትልቅ ሰው አፍ እንዴት እንደሚከብድ አታውቂም። ወንድሜ ካሉ፣ «ማን? ያ በር የሚከፍትልህ?» ይመጣል። ስለዚህ ወጥ ቤት ገቡ፣ የበሩን ጀርባ አዩ፣ ተመልሰው ወጡና «ሹፌሬ መኪናዬን ይዞ ጠፍቷል» አሉ። ቀለል ያለውን መረጡ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ቆመው ፖሊስ ጠሩላቸው። እንግዲህ ምን ያድርጉ? ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው።

ሌባው ተያዘ። የት ቢይዙት ጥሩ ነው? አገር ሊለቅ ሲል? ሰሌዳ ሲቀይር? … ከመኪናዋ ሥር! በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት ፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ። ፖሊሱ እግሩን ነካ አድርጎ «ውጣ» ቢለው፣ «እባክህ ትንሽ ታገሠኝ፣ ይቺን ብሎን ላጥብቅ፤ ወንድሜ ነው የሚነዳት» አለው። ፖሊሱ ታገሠው። የሰው ልጅ ነበር ፖሊሱ። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ለማምለጥ የቸኮለ ሌባ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ሌባ ሞተር ያሠራል እንጂ መቆሚያ ያሠራል?

ጣቢያ ደግሞ ሌላ ጉድ። መርማሪው የከሳሽን ስም ጻፈ፣ የአባት ስም ጻፈ። የተከሳሽን ስም ጻፈ፣ የአባት ስም ሲጽፍ … እስክሪብቶውን አቆመ። ቀና ብሎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። አፍንጫቸው አንድ ነው! «የአባታችሁ ስም አንድ ሆነሳ?» ቢላቸው ታላቅየው «አጋጣሚ ነው» አሉ። … ሰማሽ? አጋጣሚ ነው! የአያት ስም ተጻፈ፣ እሱም አንድ። «እሱም አጋጣሚ ነው?» «ስንት ሰው አለ በዚህ ስም» አሉ። መርማሪው ወደ ባሌ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለው። ባሌ ወንድሙን አየና «እሳቸው ያሉት ነው» አለ። አየሽ የሰውን አስተዳደግ? አማቴ ከአንድ ማህፀን ሁለት አጋጣሚ መውለዷን ሳታውቅ ነው የሞተችው፤ ነፍሷን ይማር።

እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ከገበያ ተመልሼ ሽንኩርቴን ታቅፌ ደጅ ቀረሁ። ቤታችን ያለው ያ አንድ ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛውን ልጃችን ከጣለችው ቆየ። ባሌ መኪናዋን ከወሰደ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው ብዬ ወደ እናታቸው ቤት ሄድኩ። የበሩን ጀርባ ባይ … ባዶ። ቀይ ክር አለው ቁልፉ፣ ልጃችን ያሰረችለት፤ ከሩቅ ይታያል። የለም። ታላቅየውን ጠየቅኳቸው፤ «ምንም አላየሁም» አሉ። እንግዲህ እሳቸው አይዋሹም፤ ሚስማሩ በልቶት ይሆናል። አንዳንድ ሚስማር ክፉ ነው። ያን ጊዜ ገና ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመስኮት ነው የምንገባው። አትሳቂ! እኔ በዚህ ውፍረቴ! ባሌ በዋስ የወጣ ዕለት እሱ ከውስጥ ሲስበኝ፣ ልጄ ከውጭ ስትገፋኝ፣ የሠፈር ሰው ቆሞ አየን። ሌባ በመስኮት ይገባል ለሚሉት እንኳ እኛው ማስረጃ ሆንላቸው። «የበሩን ቁልፍ እናስለውጥ» ስለው ባሌ ምን አለ? «ተይ። ወንድሜ አንድ ቀን አምጥቶ ይመልሰዋል። የዚያን ቀን የያዘው ቁልፍ አልከፍት ቢለው ያፍራል» አለኝ። … ቆይ፣ አፍንጫዬን ልጥረግ። ብርዱ ነው። እዚህ ኮሪደር ላይ ንፋሱ ዓይን ያስለቅሳል።

ጠበቃዋ፣ የተመደበችለት፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። «ስርቆት የሚባለው የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ፣ የራስ ላድርግ ተብሎ ሲወሰድ ነው። ይሄ የሚስማር ደንብ ከኖረ ፈቃድ ነበረ ማለት ነው። ቁልፍህን ትተህ ከሄድክ ደግሞ ልትመለስ አስበሃል። የግል ተበዳዩ ይሄን ለዳኛው ከተናገሩ ክሱ መቆሚያ የለውም» አለችን። የግል ተበዳይ ማለት ማን መሰሉሽ? እሳቸው ናቸው! ክሱ ላይ እንደዚያ ነው የሚላቸው። ተበዳይ። … ስንት ሌሊት በበደሉ እንቅልፍ አጥተው ይሆን፣ ከሳ ያሉ መሰለኝ። ማለቴ፣ ከስተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባሌ ግን አንገቱን ነቀነቀ። «ሥራ አስኪያጁ ችሎት ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ወንድሜ ዋሽቷል አላሰኝም» አለ። ለነገሩ መጥተዋል፤ ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፣ የተበደለ ሠራተኛቸውን ሊያጽናኑ። ጠበቃዋ ቸግሯት፣ «እንግዲያው አንደኛህን እመን። የመጀመሪያ ጥፋትህ ስለሆነ ይቀልልሃል» አለችው። የመጀመሪያ! እኔ በሆዴ ሳቅኩ። የባሌ የመጀመሪያ ጥፋት እኮ ሁለተኛ ሆኖ መወለዱ ነው። ሁለተኛው ጥፋቱ ፍሬን ማሠራቱ። ቅጣቱ ቢቀልለት እንኳ ስሙ አይቀልለትም፣ ከመሪው ጋር እዚያው ይለያያሉ። ታዲያ ዛሬ ዳኛው «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ሲሉት «አምናለሁ፣ ሰርቄያለሁ» ሊል ነው፣ የኔ እህት። ያላደረገውን። ማን ደስ እንዲለው? አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ እንዲቆይ።

እኔ ግን በታላቅየው ተስፋ አልቆረጥኩም። ደግ ሰው ናቸው። ለሌላ ሰው ደግ ሲሆኑ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁን ለማድረስ በቅዳሜ ቀን በጠዋት ተነሥተው ክራባት ያሰሩ ሰው እንዴት ደግ አይሆኑም? ምናልባት ወንድማቸውም ሥራ አስኪያጅ ቢሆን …

እሺ፣ ጠሩን መሰለኝ። ሰማሽ? የባሌን ስም ነው። አሁን ደግሞ «የግል ተበዳይ» አሉ። … እኒያ ሰውዬ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ተነሡ። ለካ እሳቸውም የሚገቡት እኛ ችሎት ነው! ወደዚህ እየመጡ ነው፤ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊላቸው፣ ያልፉ።

… ምንድን ነው አግዳሚው ላይ የተንኳኳው? ካንቺ አጠገብ። አታንሺው! ቀይ ክር አለው? … ዝም በይ፣ እኔ አላየሁም። አልነካውም። ዕቃ ጣሉ መሰለኝ ሰውዬው፤ እስቲ ጥሪልኝ፣ እኔ እንዳልጠራቸው ምያለሁ። «ዕቃዎን ረሱ» በይልኝ። ጮክ በይ። «ይሄ ኮሪደር ላይ የሚመለስ ዕቃ አይደለም» በይልኝ። «እዚህ ቢተዉት የአንዲት ልብስ ሰፊ በር ይከፍታል፤ ውስጥ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ግን ሰው ነፃ ያወጣል» በይልኝ። እኛ መስኮቱን ለምደነዋል፣ ለበሩ አንቸኩልም።

… ተመለሱ? አነሡት? ወደ ኪስ ነው ወይስ በእጅ? እኔ ማየት አልፈልግም፤ አንቺ እይልኝ። … በእጅ። መሐረብ አወጡ? … ብርዱ ነው፣ የኔ እህት፣ ብርዱ ነው። በሩ ላይ ቆሙ አልሽኝ? እንግዲህ ምን እንደሚሉ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ልግባ፤ ባሌ ብቻውን ነው። የቆመ ሰው ደግሞ ሳይመረቅ አይገባም፤ ሁለታችን እንመርቃቸው፣ አንቺ አሜን እያልሽ ተቀበይኝ። አምላክ ሹመትዎን ያጽናልዎ። አሜን በይ። ወገብዎን ይማርልዎ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው አሉ፣ አንድ ታላቅ፣ አንድ ታናሽ፤ ያሳድግልዎ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ፣ አባታቸው ወንድሙን በወደደው ልክ ዕድሜያቸውን ሙሉ እርስ በርሳቸው ይዋደዱልዎ።